በረድፉ ጫፍ ላይ የነበረው ምስማር

ባለፈው ሰሞን፣ ከከተማችን ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር ላይ ዝናብ ያዘኝ። ሽንኩርትና ሎሚ ገዝቼ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል ነው ሰማዩ የተዘረገፈው። አንድ ጨርቅ ሻጭ ከወጠረው ሸራ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ ጫኝና አውራጆች ቆመዋል፤ የጆንያውን አንድ ጥግ ወደ ሌላው አስገብተው እንደ ቆብ አጥልቀውታል። ዝናቡ ጆንያውን ሲያርሰው ያ ሽታ መጣ። የረጠበ ጆንያ ትንሽ ገመድ ገመድ፣ ትንሽ አፈር አፈር፣ ትንሽ ደግሞ የሰው አንገት ይሸታል። ቡና ይዞ ከነበረ እንደተቀነጠሰ ቅጠል ያለ ነገር ይጨመርበታል፤ ያልተቆላ ቡና የሚሸተው እንደዚያ ነው። ወጣትነቴ ያለፈው እዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ሽንኩርቴን እንደያዝኩ፣ ከሸራው ሥር ሳልንቀሳቀስ፣ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

የመለሰኝ ጩኸት ነው። አንድ ጎልማሳ በእጅ ጋሪ ፍራሽ ጭኖ ሲገፋ ጎማው ጉድጓድ ገብቶበት መንገዱ መሀል ይታገላል። ከኋላው አንዲት ባጃጅ ቆማለች። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አንሳው እንጂ አቦ! የአባትህ መንገድ መሰለህ?» ይላል። ሰውየው ዝም ብሎ ይገፋል። «ከየትም እየመጣችሁ ከተማውን የጋሪ መጫወቻ አደረጋችሁት!» ከጫኞቹ አንዱ፣ «አንተስ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው የተወለድከው?» ሲለው ሁሉም ሳቁ። ጋሪ ገፊው አልሳቀም። ሄዶ ያገዘውም አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። ጋሪው እንደምንም ሲወጣ ባጃጇ ፊቴ ደረሰች። ሌላ ስላልነበረ ገባሁ።

«ወዴት ነው እማማ?»

እማማ መባል የጀመርኩት በቅርቡ ነው፤ ገና አልለመድኩትም። ልጁ ሚኪ ይባላል፤ ስሙን በመስታወቱ ላይ አጽፎታል። ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ። «ይሄ አገር አይለወጥም እማማ። ተስፋ ቆርጬ እንዳይመስልሽ፣ አይቼ ነው። ሰዎቹ ይቀየራሉ፣ እኛ እዚያው ነን። እነዚህ ደግሞ ከሩቅ እየመጡ በተገኘው ይሠራሉ፣ የኛንም ዋጋ ይሰብራሉ።» አንድ ላይ ሆናችሁ ለምን አትጠይቁም አልኩት። «ከነሱ ጋር?» ብሎ ሳቀ። «እነሱ ነገ አገራቸው ይገባሉ።» አንተስ አልኩት። «እኔማ ጅቡቲ ልሻገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፈጣሪ ነው።» እዚያ ስትደርስ ምን ብለው ይጠሩህ ይሆን? አልኩት። ለክርክር አልነበረም፤ እውነቴን ነው፣ ማወቅ ፈልጌ ነው። በመስታወቱ አየኝና ጥሩምባውን ነፋ፤ ፊቱ ግን ማንም አልነበረም።

ትንሽ እንደሄድን አንድ ሽማግሌ ከግድግዳ ተለጥፈው ምርኩዛቸውን አነሱ። ሚኪ ቆመላቸው። ነጭ ኮፍያቸው ረጥቦ ግንባራቸው ላይ ወርዷል። አጠገቤ ተቀምጠው ፊታቸውን ሲጠርጉ አፍጥጠው አዩኝ። «የሺ! የመጋዘኑ ገጣሚ! ሱብሃነላህ፣ አረጀሽ!»

አባ ጅብሪል ነበሩ። ያኔ አባ አልነበሩም፤ የቡናው መጋዘን ዘበኛ ጅብሪል ነበሩ፣ ወጣት፣ ቀጭን፣ ከሬዲዮው የማይለይ ሰው። እንዴት ነዎት፣ ልጆች እንዴት ናቸው ተባባልን። ከዚያ ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የኖረችው ጥያቄ ካፌ አመለጠች። «አባ ጅብሪል፣ ሎምቤቦን ያስታውሱታል?»

«ምስማሩን ማለትሽ ነው?» አሉ።

«የምን ምስማር?» አለ ሚኪ። ጎርፉ መንገዱን ስለዘጋው ባጃጇን ጥግ አስይዞ ነበር። ጊዜ ነበረን፤ ነገርኩት።

መጋዘኑ ከግንቡ ውጭ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ። ሌላ መንግሥት ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ እንደነበረ፣ ሴቱ ሁሉ ሻሹን ወደ ጎን ማሰር እንደጀመረ፣ ኮንጎ ጫማ አዲስ ከሆነ ለእሁድ ይቀመጥ እንደነበረ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ አቋርጬ እሄዳለሁ፤ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ዘይት ሲያጠጡ፣ ፔጆ ታክሲዎቹ አልነሳ ብለው ቁልቁል ሲገፉ። አንዲት ሳምቡሳ ሻጭ ነበረች፣ ሳምቡሳውን በጋዜጣ ጠቅልላ የምትሰጥ። እኔ ሳምቡሳውን ከማጣጥመው ይልቅ ጋዜጣውን ነበር የማነበው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ የቀረውን ያስተማረኝ መጠቅለያ ወረቀት ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ዘይት የጠጣ ወሬ። ግማሹ የጠፋውን ወሬ ራሴ እጨርሰው ነበር። ግጥም የጀመርኩት እንደዚያ ይመስለኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ የሠፈር ሰው «ይቺ ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የተወለደችው» ይለኝ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ሴቶቹ ቡና ለቃሚዎች ነበርን። ሰሌን ላይ እንቀመጥና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየለየን እናወጣለን። የከተማዋ ልጅ፣ ከወሎ በክፉ ቀን የመጣችው፣ ከጉርሱም የወረደችው፣ ሁላችንም አንድ ሰሌን ላይ ነን። ከየት መጣሽ እንባባላለን፣ ግን ለወሬ ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ፍሬው ያው ነው፣ ሰው የሚለያየው በታሪኩ ብቻ ነው። ወንዶቹ ጋ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። ወንዶቹ ሁለት ጓድ ነበሩ። አንደኛው የከተማው ጓድ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ። የሸዋ ወታደር የልጅ ልጆችና ከሶፊ የመጡ ገበሬዎች ልጆች፣ ግማሹ ገብርኤል ሲነግሥ የሚቀር፣ ግማሹ ዓርብ ለጁምዓ የሚሄድ፣ ሥራ ላይ ግን እንደ አንድ ቤት ልጅ የሚሰዳደቡ። ሁለተኛው ከደቡብ የመጡት ናቸው፤ ከሆሳዕና አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ ወዲያ። የቡናው ነጋዴ ወኪል እነሱን በየቀኑ ጠዋት ከበሩ ላይ እየመረጠ ነበር የሚያስገባቸው።

አሁን ምስማሩን ልንገራችሁ። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጀምሮ በረድፍ፣ ረጃጅም ጥቁር የጣሪያ ምስማሮች ተመትተው ነበር። እያንዳንዱ የከተማው ጓድ ሰው የራሱ ምስማር አለው፤ ያንን እንደ ቆብ የሚያጠልቀውን የራስ ጆንያውን የሚሰቅልበት። ደንቡ እንዲህ ነው። ሰው ቢታመም፣ ቢሰበር፣ አባቱ ቢሞትበት፣ ጆንያው ምስማሩ ላይ እስካለ ድረስ ሰውየው አለ። የሱን ሸክም ሌሎቹ ይከፋፈላሉ፣ ድርሻው ለቤቱ ይላካል፣ ወኪሉም በሱ ቦታ ሌላ ሰው አያስገባም። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም። ከደቡብ የመጡት ግን ምስማር አልነበራቸውም። ጆንያቸውን መሬት ላይ፣ ድንጋይ ጭነውበት ያስቀምጣሉ። ከነሱ አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግሥቱ የለም። ከምስማሮቹ በላይ ደግሞ ቀበሌው የሰቀለው፣ ስለ ሠራተኛው አንድነት የሚያወራ ቀይ ጨርቅ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስበት ቀለሙ እየለቀቀ የከተማውን ጓድ ጆንያ ያቀላው ነበር፤ መሬት ላይ ያለው ጋ ግን አይደርስም።

ሎምቤቦ ከደቡቦቹ አንዱ ነው። ዝምተኛ፣ ጥርሰ ነጭ፣ ሲሸከም እንደ ንብ የሚያጉረመርም። በክረምቱ መግቢያ ላይ ወደ መኪናው የሚያወጣው ሳንቃ ረጥቦ አንሸራተተው፤ ከነጆንያው ወደቀ፣ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አስሮለት፣ እስከ መስከረም እንዳይነሳ ብሎ አዘዘ። ቀን ሥራ ካልገባ የኪራይ ቤቱን ድርሻ አይችልም፤ ያለው ነገር ቢኖር ያቺ ቦታ ብቻ ናት። ወኪሉ ደግሞ፣ «እስከ ነገ እታገሣለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው አለኝ» አለ። በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ሎምቤቦ ቦታውን ካጣ በተሰበረ እግሩ፣ ባዶ እጁን፣ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ አገሩ መመለሱ ነው።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት የደቡቦቹ ተጠሪ ጴጥሮስ ወደ ከተማው ጓድ አለቃ ወደ ጋሽ ተሰማ መጣ። ጋሽ ተሰማ ትከሻቸው በር የሚያህል፣ ሁልጊዜ የተነቃነቀ ጥርስ እንዳለበት ሰው የሚናገሩ ነበሩ። ጴጥሮስ ጆንያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። የሎምቤቦን ጆንያ ምስማር ላይ ይስቀሉልኝ። ሸክሙን እኛው እንሸከማለን። እናንተ ከራሳችሁ ጋር መቁጠር ብቻ ነው።»

ጋሽ ተሰማ እንጀራቸውን እስኪጨርሱ አልመለሱለትም። «ልጄ፣ ምስማር በአባት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ የአባቴ ነው። ያኛው የአብዲ አባት ነው። ዛሬ ለናንተ ሰው ብሰጥ፣ ነገ ወኪሉ ይመጣና ‹ምስማር ለሁሉም ከሆነ ለማንም አይደለም› ብሎ የኛንም ይነቅለዋል። ከትከሻችን ሌላ ያለን እሷ ናት።»

«እኛም ከትከሻ ሌላ የለንም ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ክፋቱ እሱ ነው።»

አብዲ የሶፊ ሰው ነው፣ የጓዱ ቀልደኛ። ከጆንያ ክምር ላይ ተጋድሞ፣ «ተሰማ፣ መጤ ምስማር አይገባውም ነው የምትለው?» አለ። «የአያትህ አባት ከየት መጣ? ከሸዋ መጥታችሁ በሩን እንኳን በስማችሁ አስጠራችሁት። በዚህ ከተማ መጤ ያልሆነ ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ገብቶ ሲነጋ ይወጣል።»

«አንተስ ስጥ! ያንተን ምስማር ስጠው!»

«ወላሂ እሰጥ ነበር፣ አባቴ ቀብሩ ውስጥ ይገለበጥብኛል እንጂ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጴጥሮስም ሳቀ፣ ግን ጆንያውን አላወረደም። ጋሽ ተሰማ ወደ ቀዩ ጨርቅ አገጫቸውን አነሱ። «አባቴ አንድ መንግሥት ሲሄድ አየ። እኔም አየሁ። እያንዳንዱ ሲመጣ ‹አንድ ሁኑ› ይላል። ጆንያው ግን ክብደቱ ያው ነው። እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

እኔ ይሄን ሁሉ ከሰሌኔ ላይ እሰማለሁ። ሌሊቱን የጻፍኳት ግጥም በሻሼ ጫፍ ታስራለች። እንግዲህ ጊዜዋ አሁን ነው ብዬ ተነሣሁና ከሁለቱ ጓድ መሀል ቆሜ አነበብኩ። ረጅም ነበረች፤ አሁን የማስታውሰው ይቺን ብቻ ነው።

ከላይ የመጣኸው፣ ከታች የመጣኸው፣
ጆንያ አይለይህም፣ ትከሻህ አንድ ነው።

ሴቶቹ ብቻ አጨበጨቡልኝ፣ ያውም ሊያስቁኝ። ከደቡቦቹ አንዱ ጴጥሮስን «ምን አለች?» ብሎ በቋንቋው ጠየቀው፤ ጴጥሮስም ባጭሩ ተረጎመለት፤ ያ ሁሉ ግጥም በእሱ ቋንቋ ሁለት ቃል ብቻ ሆነ። አብዲ ቀና ብሎ፣ «የሺዬ፣ ግጥምሽ ወርቅ ነው፤ ግን ጆንያ አይሰቀልበትም» አለ። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ስለ ግጥም የነገረኝ ሰው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ እያካፋ ነበር። ስደርስ ደቡቦቹ ዝናቡን ሸሽተው ቀድመውኝ ገብተዋል፤ ከግድግዳው ፊት ተሰብስበው ቆመዋል። በረድፉ ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ትናንት ባዶ የነበረ ቦታ ላይ የሎምቤቦ ጆንያ ተሰቅሏል። «ምስማር መትተውልናል!» አለኝ ጴጥሮስ። ዓይኑ ቀልቷል። «ትናንት ሰው ፊት እንቢ አሉና ማታ መቱልን፤ እኛም ጆንያውን ሰቀልንበት። እንደዚህ ነው ትልቅ ሰው!» የከተማው ጓድ ገና አልገባም ነበር። ደቡቦቹ ተሯሩጠው ሸንኮራና ስኳር ገዝተው መጡ።

ጋሽ ተሰማ ከነሰዎቻቸው በሩን ሲያልፉ የጠበቃቸው ይሄ ነው። ደቡቦቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ እየመጡ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። ከመሀላቸው በዕድሜ የገፋው እጁን ዘርግቶ በቋንቋው መረቃቸው፤ ሌሎቹ ከሥር ከሥሩ ተቀበሉት። ምን እንዳለ አልገባንም፤ ግን ምርቃት በማንኛውም ቋንቋ ምርቃት መሆኑ ይታወቃል። ጋሽ ተሰማ ሸንኮራውን ታቅፈው ወደ ጆንያው አዩ። ከዚያ አብዲን አዩ። ምን እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር፤ «ይሄ ሸይጣን ነው የመታው!» አብዲ ደግሞ እሳቸውን ያያል፤ «ይሄ ግትር ተደብቆ ነው የመታው!» ሁለቱም አልመቱትም። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያመሰግንህ፣ መርቆህ ሲያበቃ፣ «እኔ አይደለሁም» ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ሰውየውን ፊቱን መምታት ማለት ነው።

«ምንም አይደል» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ምን አደረግን?»

ይቺን እስከ ዛሬ እስቅባታለሁ። እውነታቸውን ነበር፤ ምንም አላደረጉም።

ትንሽ ቆይቶ ወኪሉ መጣ። ጥቁር መነጽሩን ዝናብ ላይም አያወልቅም ነበር። አዲሱን ሰው ከኋላው አስከትሏል። ጆንያውን አየና፣ «ይሄ የማን ነው?» አለ።

እኔ አንድ ጥቁር ፍሬ በጣቶቼ መሀል እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሽ ተሰማ ሸንኮራውን ገና አላስቀመጡትም። አይደለም ቢሉ የሚያልቅ ነገር ነበር።

«የሎምቤቦ ነው» አሉ።

«ሎምቤቦ የት አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«ጆንያው ይኸው። አለ።»

ወኪሉ ወደ በሩ ዞረ። «ጅብሪል! ያንን ምስማር ንቀለው!»

ጅብሪል ከበርጩማው ተነሣ፣ ጆንያውን አየ፣ እኛን አየ። «መንቀያ የለኝም ጌታዬ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንግዲያው አዲሱ ሰው ይገባል፣ ሥራ!» አለ ወኪሉ። ጋሽ ተሰማ ሄደው ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጡ። አብዲ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ጴጥሮስ። ከዚያ ሁሉም፣ የከተማውና የደቡቡ ተቀላቅሎ፣ ቦታ ስለሌለ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀመጠ። እኛም ሴቶቹ እጃችንን ከፍሬው ላይ አነሣን። ማንም መፈክር አላለም። አብዲ ሸንኮራውን ሰባብሮ አደለ፤ የሚሰማው የማኘክ ድምፅ ብቻ ነበር። አዲሱ ሰው ትንሽ ቆሞ፣ ከእግር ወደ እግር ተለዋውጦ፣ እሱም ተቀመጠ። አብዲ ለሱም ሸንኮራ ሰጠው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የድሬዳዋው መኪና ሹፌር ጥሩምባውን እየነፋ፣ ሳይመሽ ካልሄድኩ ብሎ ወኪሉን ይጨቀጭቅ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ወኪሉ ወጥቶ፣ ወደ ማንም ሳያይ፣ «ጫኑ» አለ። ስለ ምስማሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ጆንያው እንደተሰቀለ ቀረ።

ሎምቤቦ መስከረም ላይ እያነከሰ መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጆንያውን አውርዶ አራገፈው፣ አሸተተው፣ አጠለቀው። ከሥሩ ያለውን ምስማር ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር የጣሪያ ምስማር፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ እስከ ግማሹ ግድግዳው ውስጥ የጠለቀ።

ያ ነገር ለዘለዓለም ቆየ ብዬ አልዋሽም። መንግሥቱ ሄደ፣ መጋዘኑ ተዘጋ፣ ሰዉ ተበተነ። በኋላ በመጡት ዓመታት አብረው ሸንኮራ የበሉ ሰዎች «አገርህ ግባ» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ተሰማ ይሄንንም «አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ማን መታው? አብዲን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ቁርዓን መትቶ ማለ፣ እኔ አይደለሁም አለ። ጴጥሮስ የከተማዎቹ ናቸው እንዳለ ሄደ። ጋሽ ተሰማን ታመው ተኝተው ሳሉ ጠየቅኳቸው። «እኔማ አንቺ መስለሽኝ ነበር» አሉኝ። «ግጥሟን የሚሰማት ስታጣ መዶሻ አነሣች ብዬ።»

ይሄን ሁሉ ስናገር ዝናቡ ቀንሶ ነበር። ሚኪ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። አባ ጅብሪል ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስቃሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«የመታሁት። ለሬዲዮዬ ነው! በርጩማው አጠገብ መሬቱ ይረጥባል፣ ሬዲዮዋ ልትበላሽብኝ ሆነ። ማታ ከባትሪ ሣጥን ላይ የነቀልኳትን ምስማር በድንጋይ ቀጥቀጥ አደረግኋት። ጠዋት ሱቅ ደርሼ ስመለስ ጆንያ ተሰቅሎባታል፣ ተሰማ ሸንኮራ ታቅፏል፣ ሰው ይመራረቃል። ምን ልበል? ይቅርታ፣ ይቺ የሬዲዮ ናት ልበል?»

የሚኪ ሳቅ ባጃጇን አነቃነቃት። «በስህተት ነዋ! እማማ፣ ያ ሁሉ አንድነት በስህተት ነው! አላልኩሽም?»

እኔ አልሳቅኩም። ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝም፤ አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር። «ወኪሉ ንቀል ሲልዎ ግን መንቀያ የለኝም አሉ።»

«መንቀያ?» አባ ጅብሪል ትንሿን ጣታቸውን አሳዩኝ። «ምስማሯ ይቺን አታህልም ነበር። በጥፍሬ ትወጣ ነበር። ግን ሰዎቹን አየኋቸዋ! የተሰማን ፊት አየሁት። ምስጋና የተሰቀለበትን ማን ይነቅላል? ሬዲዮዋን ስንት ጊዜ ጭኔ ላይ ይዤ ዋልኩ መሰለሽ።»

የጎረበጠኝ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «አባ ጅብሪል፣ እኔ ያየሁት ምስማር ትንሽ አልነበረም። የጣሪያ ምስማር ነበር። ክንድ የሚያህል።»

«የኔዋ ትንሽ ናት። ብርማ። ወላሂ።»

«መስከረም ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥቁር ነበር።»

ሽማግሌው ትንሿን ጣታቸውን እንደገና አዩ። «እኔ ሌላ አልመታሁም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲያውም... ያቺ ምስማር የረጠበ ጆንያ ክረምቱን ሙሉ ልትሸከም አትችልም። በሁለተኛው ቀን ትወድቅ ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ሁሉ ማን መታው ብዬ ነበር የምጠይቀው። ማን ተካው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የመጀመሪያዋ ስህተት ናት፤ ይሁን። ሁለተኛው ግን ስህተት አይደለም። አንድ ሰው ትንሿን ነቅሎ፣ ከቤቱ ረጅም ምስማር ይዞ መጥቶ፣ ከሌሎቹ እኩል ለክቶ፣ አጥልቆ መትቶታል። ከዚያም ለማንም አልተናገረም። አብዲ ምስማሩን አልመታሁም ብሎ ማለ፤ እውነቱን ነው ይሆናል፤ እኔ የጠየቅኩት ስለ ፊተኛዋ ነው። ጋሽ ተሰማም አንቺ መስለሽኝ ነበር ሲሉ ስለየትኛው እንደነበረ አሁን አላውቅም።

«ስለዚህ ሌላ ሰው አለ» አለ ሚኪ። ድምፁ ተቀይሮ ነበር። «የከተማው ሰው ነው፣ የጣሪያ ምስማር ያለው እሱ ነው።»

«ደቡቦቹስ? ጴጥሮስ ግንበኛ ጓደኛ ነበረው» አሉ አባ ጅብሪል።

«ወይ ሴቶቹ!» አለ ሚኪ። «እማማ፣ ከሴቶቹ አንዷ ብትሆንስ?»

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ሦስታችንም በየከንፈራችን ስም እንቆጥር ጀመር።

«መጋዘኑ አሁንም አለ?» አለ ሚኪ።

«አለ። የሠርግ ወንበርና ድንኳን አከራዮች ይዘውታል።»

«ምስማሮቹስ?»

«አላውቅም። ከተዘጋ ወዲህ ገብቼ አላውቅም።»

ሞተሩን አስነሣ። ጎርፉ ወርዶ መንገዱ ላይ ጠጠር ብቻ ቀርቷል። ከፊታችን ያ ጋሪ ገፊ ፍራሹን በላስቲክ ሸፍኖ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ሚኪ አጠገቡ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ውሃ እንዳይረጭበት ይሁን፣ ጉድጓዱን ፈርቶ ይሁን፣ አልጠየቅኩትም። ሰውየው ቀና ብሎ አየንና አለፍነው።

ማዞሪያው ላይ ስንደርስ ሚኪ ወደ ግራ፣ ወደ ድሬዳዋው መንገድ ታጠፈ። ቤቴ በቀኝ በኩል ነው። እኔም አልነገርኩት፣ አባ ጅብሪልም ወራጅ አላሉም።